ካናቢስ ይፈቀድ ከተባለ፣ ማን ይሽጠው?

25 ግራም ደረቅ ካናቢስ በኪሱ የያዘን ጎልማሳ የበርሊን ፖሊስ ቢፈትሸው መልሶ ያሰናብተዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዕድሜው 21 ከሞላ የሚጠይቀው የለም። ሊዝበን ላይ ዕፁን ይወስዱበትና የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ወደሚቀመጡበት ኮሚሽን ይልኩታል እንጂ ችሎት አያቆሙትም። አዲስ አበባ ላይ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ይከሰሳል። ሪያድ ላይ ወህኒ ይወርዳል፤ ድንበር አሻግረህ አስገብተሃል ተብሎ ከተፈረደበት ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርሳል። ቅጠሉም ሆነ የሚያመጣው ስካር ግን ከአገር አገር አይለይም።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል መከላከያ ቢሮ እንደሚገምተው በ2022 ካናቢስ የተጠቀመው ሰው 228 ሚሊዮን ያህል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ለይተን ካልጠቀስን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ከሚቆጣጠሯቸው ዕፆች ሁሉ ይህን ያህል ተጠቃሚ ያለው የለም። ክርክሩም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው። አንዱ ወገን «ከአረቄ አይብስም፣ ይፈቀድ» ይላል። ሌላው «ልጆቻችንን ያሳብዳል፣ ይከልከል» ይላል። ሁለቱም ስለ ዕፁ ሲሟገቱ ሻጩን ይረሱታል። ሕጋቸውን የቀየሩትን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው ግን ውጤታቸውን በዋናነት የለየው ንግዱን በማን እጅ እንደጣሉት ነው።

ክልከላው ከየት መጣ?

ካናቢስ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር የገባው በ1925 ጄኔቫ ላይ በተፈረመው የኦፒየም ስምምነት ነው። የጉባኤው ዋና ጉዳይ ኦፒየምና ኮኬይን ሆኖ ሳለ ሐሺሽ እንዲጨመር አጥብቃ የገፋችው ግብፅ ነበረች። አሜሪካ በ1937 በግብር ሕግ ሽፋን አገደችው። የዚያን ጊዜው የፌዴራል አደንዛዥ ዕፅ ቢሮ ኃላፊ ሃሪ አንስሊንገር ዕፁን ከሜክሲኮ ስደተኞችና ከጥቁር የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር እያያዙ ሕዝቡን ያስፈራሩ ነበር። ከዚያ በ1961 የወጣው የአደንዛዥ ዕፆች ኮንቬንሽን ካናቢስን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ በሆነው ሠንጠረዥ አሰፈረው። ኢትዮጵያም የዚህ ኮንቬንሽን አባል ናት።

ውሳኔዎቹ ሁልጊዜ ባለሙያ በመከረው መንገድ አልሄዱም። በ1972 በቀድሞው የፔንሲልቬኒያ ገዥ ሬይመንድ ሼፈር የተመራው ኮሚሽን ዕፁን ለግል ጥቅም መያዝ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር መከረ። ሼፈርን የሾሙት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሳቸው ነበሩ፤ ምክሩ ሲመጣ ግን ወደ ጎን ገፉት። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በዚህ ዕፅ ብቻ የታሰረው አሜሪካዊ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ። የታሰረው ማን እንደሆነም ተቆጥሯል። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት ነጮችና ጥቁሮች ካናቢስ የሚጠቀሙት በተቀራረበ መጠን ሲሆን፣ ይዞ በመገኘት የመታሰር ዕድሉ ግን ለጥቁሮች 3.64 እጥፍ ነበር። እንዲህ ያለው ልዩነት የብዙ መራጮችን ልብ አሸፍቷል።

ዓለም አቀፉ ግንብ የተነቃነቀው በታኅሣሥ 2020 ነው። ቪየና ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ካናቢስን ከዚያ እጅግ ጥብቅ ሠንጠረዥ አወጣው። ድምፁ 27 ለ25 ነበር፤ አንድ አገር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ውሳኔው ለሕክምና በር ከፈተ እንጂ ዕፁን ነፃ አላወጣውም።

ሐኪሞች ምን ይላሉ?

ዋናውን አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ቲኤችሲን፣ በ1964 አጥርተው የለዩት እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል መሹላምና የሥራ ባልደረባቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተከማቸውን ምርምር የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 በአንድ ትልቅ ሪፖርት መዝነውታል። ጠንካራ ማስረጃ የተገኘባቸው ጥቅሞች ሦስት ናቸው፤ የአዋቂዎችን ሥር የሰደደ ሕመም ማስታገስ፣ በኬሞቴራፒ የሚመጣን ማቅለሽለሽ መቀነስ፣ በመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች ላይ የሚታየውን የጡንቻ መኮማተር ማላላት። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከዚሁ ተክል የወጣና የማያሰክር ኤፒዲዮሌክስ የተባለ መድኃኒት ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደ። ከእነዚህ ወዲያ ለሚወራው ፈውስ ሁሉ ማስረጃው ሳስ ያለ ነው።

ያው ሪፖርት ጉዳቱንም አልደበቀም። አዘውትሮ መጠቀም ከስኪዞፍሬንያና ከሌሎች ብርቱ የአእምሮ መታወኮች ጋር ይያያዛል፤ መጠኑ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። በ2019 በላንሴት ሳይካያትሪ የታተመ፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች ላይ የተደረገ ጥናት ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች ፈጽሞ ካልቀመሱት ይልቅ ለእንዲህ ያለ መታወክ የመጋለጥ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ላይ «ኃይለኛውን» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ከተያዙ ናሙናዎች እንደታየው በ1990ዎቹ አጋማሽ የቲኤችሲ መጠኑ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ተጨምቀው የሚሸጡት ምርቶች ከዚህም እጅግ ያልፋሉ። የዛሬ 50 ዓመት ያጨሰ አያት «እኔን ምን አደረገኝ?» ቢል ያጨሰው ሌላ ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ከረሜላውና ቸኮሌቱ ደግሞ የራሱን ጣጣ አምጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ካናቢስ ያለበት ምግብ በልተው ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የተደወለው በ2017 ለ207 ሕፃናት ነበር፤ በ2021 ቁጥሩ 3,054 ደረሰ። ሕፃን ልጅ ከረሜላውን ከሌላው ከረሜላ አይለይም። ጣፋጩን በዚያ መልክ ሠርቶ፣ በዚያ ማሸጊያ ጠቅልሎ ያቀረበው ሻጩ ነው።

አምስት አገር፣ አምስት ሻጭ

ፖርቱጋል በ2001 ያደረገችው ቀላሉን ነው። መያዝና መጠቀምን ከወንጀልነት አወጣች፤ መሸጥን ግን እንደተከለከለ ተወችው። ተጠቃሚው እስር ቤት አይገባም፣ ገበያው ግን በጥቁር ገበያ እጅ ቀረ።

ኡራጓይ በፕሬዚዳንት ሆሴ ሙሒካ ዘመን፣ በታኅሣሥ 2013፣ ከማንም ቀድማ ንግዱን ራሱን ሕጋዊ አደረገች፤ አድራጎቷ ግን ለነጋዴ የሚጥም አልነበረም። ጎልማሳው ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሦስት አንዱን መርጦ ይመዘገባል፤ በቤቱ እስከ 6 ተክል ያበቅላል፣ ወይም ከ15 እስከ 45 አባላት ያሉት ክበብ ይገባል፣ ወይም ከፋርማሲ ይገዛል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ፋርማሲ የሚሄደው ሰው ጣቱን በማሽኑ ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑ በወሩ ከተፈቀደለት 40 ግራም ስንት እንደቀረው ያሳያል፤ መድኃኒት ቤቱም ማስታወቂያ የሌለበትን ጥቅል አውጥቶ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ ግራሙ 1.30 ዶላር ገደማ ነበር። ቱሪስት አይገዛም። ዋጋው ከጥቁር ገበያ የረከሰ ስለነበር ደንበኛ አልጠፋም፤ ችግሩ የመጣው ከባንክ ነው። የአሜሪካን ሕግ የፈሩ ባንኮች የፋርማሲዎቹን ሒሳብ እንዘጋለን ስላሉ ብዙዎቹ መድኃኒት ቤቶች ከጅምሩ ሸሹ፤ ሥራው የተጀመረው በ16 ፋርማሲዎች ብቻ ነበር።

ካናዳ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ስትፈቅድ የግል ኩባንያዎችን አስገባች፤ ነገር ግን ማሸጊያው ያለ ጌጥ እንዲሆን፣ ማስታወቂያው እንዲገደብ፣ በአንድ ጥቅል ምግብ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገች። ኩቤክ ጥብቅ አድርጋ በመንግሥት መደብር ብቻ እንዲሸጥ፣ ለገዢውም ዝቅተኛው ዕድሜ 21 እንዲሆን ወሰነች። ከጥር 2014 ጀምሮ መደብሮቿን የከፈተችው የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግን በአንድ ጥቅል እስከ 100 ሚሊግራም ትፈቅዳለች፤ ከካናዳው ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው።

ጀርመን ሚያዝያ 1 ቀን 2024 ስትፈቅድ ሱቅ አልከፈተችም። ሰው በቤቱ 3 ተክል ሊያበቅል፣ ወይም እስከ 500 አባላት ያሉትና ትርፍ የማያካፍል ማኅበር ገብቶ በወር እስከ 50 ግራም ሊወስድ ይችላል። ከ21 ዓመት በታች ላሉት ወርሃዊ ኮታው 30 ግራም ሲሆን የቲኤችሲው መጠንም ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ታይላንድ ደግሞ የተገላቢጦሹን አሳየች። በሰኔ 2022 ካናቢስን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣች፤ ንግዱን የሚገዛው ሕግ ግን አልወጣም ነበር። በዚያን ጊዜው የጤና ሚኒስትር አኑቲን ቻርንቪራኩል አነሳሽነት መንግሥት አንድ ሚሊዮን ችግኝ ለቤተሰቦች ለማደል ተነሣ። ባንኮክና የቱሪስት ከተሞቿ በሺዎች በሚቆጠሩ ሱቆች ተሞሉ። በሰኔ 2025 መንግሥት ተመልሶ ያለ ሐኪም ማዘዣ አበባውን መሸጥ ከለከለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ያኔ ገንዘቡን ሱቅ ላይ ያፈሰሰው፣ ቅጥር የያዘውና ኪራይ የለመደው ሰው ብዙ ነበርና።

ከእነዚህ ውጭ መንገድ ላይ የቆሙም አሉ። ኔዘርላንድስ ከ1976 ጀምሮ በኮፊሾፕ በጥቂቱ (ዛሬ እስከ 5 ግራም) ሲሸጥ አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ባለ ሱቁ ዕቃውን የሚገዛበት የጓሮ በር ግን ለዐሥርት ዓመታት ሕገወጥ ሆኖ ቆይቶ፣ ሕጋዊ አቅራቢን የመሞከሩ ሥራ በጥቂት ከተሞች የተጀመረው በ2023 መጨረሻ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በመስከረም 2018 በግል ቦታ መጠቀምና ማብቀል መብት ነው ብሎ በየነ፤ ፕሬዚዳንት ራማፎሳም በግንቦት 2024 ሕጉን ፈረሙ። መግዛትና መሸጥ ግን እዚያም አልተፈቀደም። እርሻ የሌለው የከተማ ሰው ከየት እንዲያመጣ እንደታሰበ ሕጉ አይነግረውም።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

የመፍቀድ ተሟጋቾች ግብርን አስቀድመው ያነሳሉ። ኮሎራዶ በ2021 ከካናቢስ የሰበሰበችው ግብርና ክፍያ 423 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከፊሉ ለትምህርት ቤት ግንባታ ውሏል። ጎረቤት ክፍለ ሀገራት መፍቀድ ሲጀምሩና ዋጋ ሲወድቅ ግን ገቢዋ ቀነሰ። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ግብሩን አክብዳና ብዙ ከተሞቿ ሱቅ እንዲከለክሉ ትታ ጥቁር ገበያው ከሕጋዊው ጎን እንደደራ እንዲቀጥል አደረገች። ዋጋው ከደላላው ዋጋ በላይ ከሆነ ሕጋዊው ሱቅ ያለ ደንበኛ ይቀራል። በጣም ከረከሰ ደግሞ አጫሹ ይበዛል።

የሚያሳስበው ሌላው ቁጥር የመጣው ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጆናታን ኮልኪንስ ነው። በ2024 ባሳተሙት ትንተና መሠረት በ1992 በየቀኑ ወይም ወደዚያ በተጠጋ ሁኔታ ካናቢስ የሚጠቀሙ አሜሪካውያን ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበሩ፤ በ2022 ግን 17.7 ሚሊዮን ደርሰዋል። በዚያው ዓመት አልኮል በየቀኑ የሚጠጡት 14.7 ሚሊዮን ነበሩ። በጉርምስና ዕድሜ ባሉት ላይ ተፈርቶ የነበረው ዝላይ አልታየም፤ የበዛው የአዋቂ ዕለታዊ አጫሽ ነው። የቢራ ፋብሪካ አልፎ አልፎ አንድ ብርጭቆ በሚቀምስ ሰው አይበለጽግም፤ የካናቢስ ኩባንያም እንዲሁ ትርፉን የሚያገኘው ሱስ ከያዘው ደንበኛው ነው። የኡራጓይ መዝገብ፣ የኩቤክ መንግሥታዊ መደብርና የጀርመን ማኅበር የተፈለሰፉት ይህን ትርፍ ከሻጩ እጅ ለማውጣት ነው።

ሐበሻው በስንት ሕግ ይዳኛል?

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አድሮ ዲሲ የሚሠራ፣ ማታ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ሱቅ ጎራ የሚል ወገናችን በአንድ ቀን ሦስት የካናቢስ ሕግ ያቋርጣል። ሜሪላንድ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፈቃድ ባላቸው መደብሮች ታሸጣለች። ቨርጂኒያ መያዝን ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ብትፈቅድም፣ ሱቅ ለመክፈት የወጡትን ሕጎች የዚያን ጊዜው ገዥ ግሌን ያንግኪን በ2024ም በ2025ም ውድቅ አደረጓቸው። ዲሲ በኅዳር 2014 በሕዝብ ድምፅ መያዝንና ማብቀልን ፈቀደች፤ ኮንግረስ ግን ሽያጩን በደንብ ለመምራት አንድ ሳንቲም እንዳታወጣ በበጀት ሕግ አሰራት። ሕጉ ስጦታን ስለማይከለክል ገበያው መውጫ አገኘ። ለዓመታት ደንበኛው አንድ ተለጣፊ ሥዕል ወይም ካናቴራ በ50 ዶላር ይገዛ ነበር፣ ሻጩ ደግሞ ካናቢሱን «ይመርቅለት» ነበር። ግብርም፣ ምርመራም፣ የገዢን ዕድሜ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪም አልነበረም።

ከሦስቱም በላይ አራተኛው፣ የፌዴራሉ ሕግ አለ፤ እርሱም ለስደተኛ ዋናው ነው። ዋሽንግተን በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ናት፤ ክፍለ ሀገራቱ የፈቀዱትን የፌዴራሉ መንግሥት በ1970ው ሕግ እንደከለከለ ቆይቷል። የስደተኞችና የዜግነት አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መጠቀም ብቻ ሳይሆን በካናቢስ መደብር ተቀጥሮ መሥራትም ዜግነት ለሚያመለክት ሰው «መልካም ሥነ ምግባር» እንደሌለው ሊያስቆጥር ይችላል ብሏል። ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው እንኳ በቃለ መጠይቁ ላይ ባመነው ነገር ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ ቢፈረድበት ከአገር አያስባርረውም፤ ነገር ግን ለሠርግ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ በዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ወጣቶቻችን ደመወዙ ደህና ነው ብለው መደብር ከመግባታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክሩ አይጎዱም።

ከባድ መኪና የሚነዱትም እንዲሁ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ሕግ የሚጠይቀው የሽንት ምርመራ ቅዳሜ ማታ በሕጋዊ መንገድ ያጨሰውን ሰኞ መሪ ላይ ሆኖ ካጨሰው አይለይም፤ ቅሪቱ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ለሳምንታት ይታያል። ውጤቱ በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ሹፌሩ የተሃድሶውን ሂደት እስኪጨርስ መንዳት አይችልም፤ ከኅዳር 2024 ወዲህም ክፍለ ሀገሩ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን (ሲዲኤሉን) ዝቅ ያደርግበታል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንሻገር ወሬው ሌላ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈጸሟን ለጊዜው አቁማ ከቆየች በኋላ በኅዳር 2022 ቀጥላለች። በ2025 ሐሺሽ አስገብተዋል ተብለው ከተገደሉት መካከል ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ይገኛሉ። በየመን በኩል በእግር የሚሻገር ድሃ ስደተኛ ለጉዞው መክፈያ ብሎ የሚሸከመው ጥቅል ሕይወቱን ያስከፍለዋል። የዕቃው ባለቤት ብዙውን ጊዜ እዚያ የለም።

ኢትዮጵያስ?

ዕፁ ለኢትዮጵያ መጤ አይደለም። በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ በሚባል ዋሻ የተገኙ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግድም የነበሩ የሸክላ ጋያዎች ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዛሬ በሻሸመኔ ዙሪያ ይበቅላል፤ የኬንያ ፖሊስም በሞያሌ በኩል ሲገባ በየጊዜው ይይዘዋል። ጃማይካ በ2015 ባወጣችው ሕግ ራስተፈሪያውያን ለእምነታቸው እንዲጠቀሙበት ፈቅዳለች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ የሰፈሩት የእምነቱ ተከታዮች ግን እንዲህ ያለ መብት የላቸውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አምራቹን፣ አዘዋዋሪውንና ተጠቃሚውን በአንድ አንቀጽ ሥር ሰብስቦ ይቀጣል።

አፍሪካ ውስጥ የመንገድ ምርጫው ተለያይቷል። ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና ምርት ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ሆነች፤ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020 ተከተሏት። ሞሮኮ በ2021 በሪፍ ተራሮች ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ ማምረትን ፈቀደች፤ በነሐሴ 2024ም ንጉሡ ከካናቢስ እርሻ ጋር በተያያዘ ለተፈረደባቸው ወይም ለሚፈለጉ ከ4,800 በላይ ሰዎች ምሕረት አደረጉ። በእነዚህ አገሮች የሚነሳው ጥያቄ ፈቃዱ የትልቅ ኩባንያ ብቻ ሆኖ ዕፁን በዘልማድ ያበቀለው ገበሬ ከውጭ ይቀራል ወይ የሚል ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ማነጻጸሪያ ግን ጫት ነው። ብሪታንያ ከራሷ አማካሪ ምክር ቤት አስተያየት ውጭ በሰኔ 2014 ጫትን ስታግድ፣ በእኛ ዘንድ ከዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነበር፤ አሁንም ነው። ኤክሳይስ ታክስ እንሰበስብበታለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፣ አልኮልና ሲጋራ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። በጫት ላይ ግን ያን ያህል ጠንካራ ደንብ አናይም። የትምህርት ቤት አጥር ተደግፎ ጫት የሚሸጠውን መቆጣጠር ያቃተን ሰዎች ካናቢስ ሻጭን እንቆጣጠራለን ብንል ማን ያምነናል?

ስለዚህ ከዳሰሳው የምንወስደው ለእኛ በሦስት ይከፈላል። ለራሱ የያዘን ሰው ከአዘዋዋሪው ለይቶ ወደ ሐኪምና ወደ መካሪ መላክ ከፖርቱጋል የሚገኝ፣ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቅ ትምህርት ነው። በምርምር የተረጋገጡትን መድኃኒቶች በሐኪም ማዘዣ ማስገባት ከ2020ው የቪየና ውሳኔ ወዲህ በዓለም አቀፍ ሕግም ዕንቅፋቱ ቀንሷል። ንግዱን መክፈት ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም፤ ታይላንድ ያየችውን አይተናልና። ምክር ቤቱ አንድ ቀን አንቀጽ 525ን ለማሻሻል ቢቀመጥ «ዕፁ ጎጂ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃውም፤ ጎጂነቱን ሐኪሞቹ ነግረውናል። ፈቃዱን የሚሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ገበሬው ድርሻ አለው? የቲኤችሲው ጣሪያ ስንት በመቶ ነው? የገዢውን ዕድሜ የሚያረጋግጠው ማን ነው? ደንቡን የጣሰውን ሻጭ የሚዘጋውስ? ለእነዚህ መልስ የሌለው አዋጅ፣ ቢከለክልም ቢፈቅድም፣ ገበያውን ለደላላ ያስረክባል።